ዳሽቦርድ ላይ የበራውን መብራት ማን ያጥፋው?

የቤታችን መኪና እ.ኤ.አ. የ2008 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎር ናት። ከአሜሪካ ተገዝታ በጅቡቲ በኩል የገባች ስለሆነች ርቀት የምትቆጥረው በማይል ነው። በሥራ ቀናት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ይዟት ይውላል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እናታችንን ወደ ሐኪም ቤትም ሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለማድረስ እህቴ ትወስዳታለች። መኪና እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ ያየውን ምልክት ሌላው ሳያየው፣ አንዱ የሰማውን ድምፅ ሌላው ሳይሰማው ይቀራል። ለሁላችንም እኩል የሚናገር አንድ ቦታ ቢኖር ከመሪው በስተጀርባ ያለው ዳሽቦርድ ነው፤ እሱም የሚጠቅመን እውነቱን እስከተናገረ ድረስ ብቻ ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። ዳሽቦርድ ላይ የበራን መብራት ያጠፋ ሰው «የተጠየቀው ሥራ ተሠርቷል» ብሎ ለሚቀጥለው ነጂ ፈርሟል። ሥራው ሳይሠራ መብራቱ ብቻ ከጠፋ፣ መኪናዋን ተረክቦ የሚነዳው ሰው በሐሰት ፊርማ ተማምኖ ነው መንገድ የሚወጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ልጆች ጭኖ። መብራት ማጥፋት በዚህ ዘመን እጅግ ቀላል ሆኗል፤ አንዲት ትንሽ መሣሪያና የእጅ ስልክ ይበቃሉ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። በዕድሜ የገፋ ሞተር የሚናገረውን የሚሰማለት ሰው አጥብቆ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ ከማስጠንቀቂያዎቹ ጋር በስሕተት ስለሚደባለቀው ማስታወሻ ልናገር። ከአሜሪካ በመጡ ቶዮታዎች ላይ «ሜይንት ሪኳየርድ» (ጥገና ያስፈልጋል) የሚል፣ የዘይት መቀየሪያ ጊዜን የሚያስታውስ ቢጫ ጽሑፍ አለ። ይህ መብራት መጨረሻ ወደ ዜሮ ከተመለሰ በኋላ 4,500 ማይል ገደማ ሲሞላ ሞተር በተነሣ ቁጥር ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ 5,000 ማይል ሲያልፍ ደግሞ በርቶ ይቀራል። ስለ ዘይቱ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም። ዘይቱ ይጥቆር፣ ይቅጠን፣ ወይም ይጉደል፣ መብራቱ አይለይም፤ የሚያውቀው የተሄደውን ርቀት ብቻ ነው። እንደ ሆንዳ ያሉ ሌሎች አምራቾች የሞተሩን ዙርና ሙቀት እያሰሉ የቀረውን የዘይት ዕድሜ በመቶኛ የሚያሳይ ስሌት አላቸው፤ በእኛ ዕድሜ ያለችው ራቭ ፎር ግን ቆጣሪ ብቻ ናት። በዚህ አልከፋባትም፤ የምትቆጥረውን በትክክል ትቆጥራለች፤ ያልለካችውን ለክቻለሁ አትልም።

ችግሩ የእሷ ቁጥር ለእኛ ከተማ ለአዲስ አበባ አለመሠራቱ ነው። 5,000 ማይል ማለት ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያሉ ሜካኒኮች ዘይት ቀይረው ሲያበቁ ካርዱ ላይ የሚጽፉት የሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ብዙ ጊዜ 5,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 3,100 ማይል ገደማ ላይ ነው። እኔ ከሜካኒኮቹ ጋር ነኝ። ከመገናኛ ሜክሲኮ ድረስ በትራፊክ መጨናነቅ አንድ ሰዓት የፈጀ መኪና የተቆጠረለት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሞተሩ ግን ሰዓቱን ሙሉ ሲሠራ፣ ሲግልና አቧራ ሲስብ ቆይቷል። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ የሚደረገው አጭር ጉዞም ዘይቱ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሞተሩ የሚጠፋበት ነው፤ አምራቾች ራሳቸው ይህን ከባድ የአነዳድ ሁኔታ ብለው ነው የሚመድቡት። ስለዚህ የመኪናዋን መብራት እንደ መጨረሻ ገደብ እንጂ እንደ ቀጠሮ አንይዘውም። ለቀጠሮው «ትሪፕ ቢ» የተባለውን ሁለተኛ የርቀት መቁጠሪያ ለዘይት ብቻ መድበን፣ ከዘይት ቅየራ በቀር ማንም ወደ ዜሮ እንዳይመልሰው ተስማምተናል። 3,100 ሲጠጋ ጋራዥ እንይዛለን።

መብራቱን ወደ ዜሮ የመመለሱ ሥራ በእኛዋ ሞዴል ላይ እንዲህ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ሞተር ሳያስነሡ «ኦን» ላይ ማድረግ፤ የቆጣሪውን መጫኛ እየነኩ «ትሪፕ ኤ» እስኪታይ ድረስ መቀየር፤ ከዚያ ቁልፉን ማጥፋት። ቀጥሎ መጫኛውን ተጭነው እንደያዙ ቁልፉን እንደገና «ኦን» ላይ ማድረግና ስድስቱ ዜሮዎች እስኪመጡ ድረስ ጣትን አለማንሣት። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ይህንኑ የሚያደርጉት ከስክሪኑ ማውጫ ውስጥ ስለሆነ፣ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ማየት ይሻላል። ሥራው ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ የሚሠራው ነው። ለዚህም ነው በቤታችን መብራቱን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ዘይቱ ሲቀየር ቆሞ ያየው ሰው ብቻ ይሁን ያልነው፤ እሱም አዲሱ ዘይት ከገባ፣ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ከጠፋ፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ልኩ ከታየ በኋላ ነው። ከጓንቲ ኪሱ ውስጥ የማይወጣ አንድ ደብተር አለን። ቀን፣ ማይል፣ «ዘይትና የዘይት ፊልትሮ ተቀይሯል፤ ልኩ ታይቷል፤ መብራቱ ወደ ዜሮ ተመልሷል» የሚል መስመርና የጻፈው ሰው ስም በየጊዜው ይሰፍርበታል።

ደብተሩን የወለደው የሞተሩ ጠባይ ነው። የእኛዋ ሞተር 2.4 ሊትር፣ በስሙ 2ኤዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። ቶዮታ በአሜሪካ ከ2006 እስከ 2008 ሞዴል ያሉትን ራቭ ፎሮች ጨምሮ ይህን ሞተር በያዙ በርካታ መኪኖች ላይ ዘይት ከልክ በላይ የመብላት ችግር እንዳለ ተቀብሎ፣ ፒስተኖቹና የፒስተን ቀለበቶቹ የሚቀየሩበት የተራዘመ ዋስትና አውጥቶ ነበር። የችግሩ መለኪያ ሆኖ የተወሰደው በ1,200 ማይል ውስጥ ከአንድ ኳርት፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ጥቂት ከሚያንስ መጠን በላይ መጉደሉ ነው። እስቲ ይህን ቁጥር ከማስታወሻው መብራት ጋር እናስላው። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ከአራት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። መኪናው በዚህ ልክ ዘይት እየበላ መብራቱ በርቶ እስኪቀር፣ ማለትም እስከ 5,000 ማይል ድረስ ቢጠበቅ፣ አራት ሊትር የሚጠጋ ዘይት ይጎድላል። በሌላ አነጋገር «ዘይት መቀየሪያዋ ደርሷል» የሚለው መብራት የሚበራው የሚቀየር ዘይት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ በሚቀየርበት በእኛ አሠራርም ቢሆን ከግማሽ በላዩ ይጎድላል።

የእኛዋ የዚህን ያህል አትበላም፤ ትንሽ ግን ትበላለች። ስለዚህ በየሳምንቱ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ዘንጉ ይሳባል፤ በጨርቅ ተጠርጎ ይመለሳል፤ እንደገና ተስቦ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል የት ላይ እንደቆመ ይታያል። ታላቁ ልጃችን ይህን ሥራ ከእኔ ተቀብሎታል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ወደ ታችኛው ሲጠጋ ይነግረናል፤ እንጨምራለን፤ የጨመርነውም ይጻፋል። ይህ የጽሑፍ መዝገብ ሞተሩ የሚበላው እየጨመረ መሆን አለመሆኑን ከማንኛውም መብራት አስቀድሞ ይነግረናል።

የዘይት ጉዳይ የራሱ የሆነ ሌላ መብራት አለው፤ ቀዩ፣ የዘይት ማንቆርቆሪያ ሥዕል ያለበት። ብዙ ሰው ይህን «ዘይት ጨምር» የሚል ምልክት አድርጎ ያየዋል። መብራቱ የሚናገረው ግን ስለ ዘይት ግፊት ነው። ግፊት ጠፋ ማለት በብረትና በብረት መካከል ሊኖር የሚገባው ስስ የዘይት ሽፋን ጠፋ፣ ሞተሩም በየሰከንዱ ራሱን እየበላ ነው ማለት ነው። ዘይት በጣም ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየው ኩርባ ላይ ወይም ዳገት ላይ፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ሲሸሽ፣ ለቅጽበት ብልጭ በማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉት ሜካኒካችን የመጀመሪያ ቀን የነገሩኝ ይህንን ነበር። «ልጄ፣ ቢጫው ሲበራ ወደ እኔ ነይ፤ ይሄ ቀዩ ሲበራ ግን አትምጪ። ዳር ይዘሽ ሞተሩን አጥፊና እኔን ጥሪኝ» አሉኝ። «ቤት ለመድረስ ትንሽ ከቀረኝስ ጋሼ?» ብላቸው፣ «ያቺ ትንሽ ናት ሞተር የምታስወርደው» ብለው መለሱልኝ። የሞተር ሙቀት ቀይ መብራትም ከዚህ እኩል ነው። የባትሪው ቀይ መብራት ዲናሞው እያመነጨ አለመሆኑን ስለሚናገር ባትሪው እስኪያልቅ ጥቂት ፋታ ይሰጣል። የፍሬኑ ቀይ መብራት የእጅ ፍሬን ሙሉ በሙሉ አለመለቀቁን ሊነግር ይችላል፤ የእጅ ፍሬኑ ተለቅቆም ካልጠፋ የፍሬን ዘይት ሳይጎድል አይቀርም። የፍሬኑ ሸራ እየሳሳ ሲሄድ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ዝቅ ስለሚል፣ መንሥኤው ሳይታይ ዘይት ሞልቶ መብራቱን ማጥፋት ያለቀውን ሸራ መደበቅ ይሆናል።

አሁን ብዙ ውዝግብ ወደሚያስነሣው፣ የሞተር ጉድለትን ወደሚናገረው ቢጫ መብራት፣ ወደ ቼክ ኢንጂን ልምጣ። በአንድ የበጋ ሰሞን እህቴ መንገድ ዳር ቆማ ደወለችልኝና ሦስት መብራት በአንድ ጊዜ እንደበራባት ነገረችኝ፤ ቼክ ኢንጂን፣ መኪና እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ቪ ኤስ ሲ፣ እንዲሁም ፎር ዊል ድራይቭ። ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ የኋላ እግሩም አንድ ላይ የተበላሸ መስሏት በጣም ደንግጣ ነበር። በዚህ ትውልድ ራቭ ፎሮች ላይ ግን ይህ የተለመደ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር አንድ ጉድለት ሲያገኝ ቪ ኤስ ሲውንና ፎር ዊሉን ለጊዜው ከሥራ ያስወጣቸዋል፤ እነሱም መውጣታቸውን በየመብራታቸው ያስታውቃሉ። የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም እያለ ሳይሆን ረግቶ ከበራ፣ መኪናውም አካሄዱ ካልተለወጠ፣ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ቤንዚን ሳይቃጠል ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሊያቃጥለው ስለሚችል መቆም ያስፈልጋል።

እህቴ በአቅራቢያዋ ወዳለ ጋራዥ ጎራ ብላ ነበር። እዚያ ያገኘችው ሰው «በኮምፒውተር አጠፋልሻለሁ፤ ሰንሰር ነው፤ የሚጎዳ ነገር የለውም» አላት። ደግነቱ ሳታስነካው መጣች። ሜካኒካችን ነገሩን ሲሰሙ «መጀመሪያ ይነበብ እንጂ ምን አስቸኮለው!» ብለው ተቆጡ። ትክክል ናቸው። ኮምፒውተሩ ቼክ ኢንጂንን ሲያበራ የጉድለቱን ኮድ ብቻ አይመዘግብም፤ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ይዞር እንደነበር፣ ሙቀቱ ስንት እንደነበር፣ መኪናው ቆሞ ወይም እየሄደ እንደነበር ጭምር ይይዛል። ኮዱ ሲሰረዝ ይህ ሁሉ አብሮ ይሰረዛል። ኮዱን ሳያነቡና ሳይጽፉ መብራቱን ማጥፋት ወንጀል የተፈጸመበትን ቦታ ምስክር ሳይሰሙ ማሰናበት ነው።

ከመሪው ሥር ካለው ባለ16 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ መሣሪያውን ሰክተን በስልክ ስናነበው የወጣው ፒ0171 ነበር፤ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከቤንዚኑ ጋር ሲመዛዘን በዝቷል ማለት ነው። የተመዘገበው ቅጽበት መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ የነበረበት ነው። ሜካኒካችን ሞተሩ እየሠራ ኮምፒውተሩ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ እንድከታተል አደረጉኝ። ጭማሪው በጣም ከፍ ያለ ነበር። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሳይቆጠር ሾልኮ የሚገባ አየር ካለ፣ ኮምፒውተሩ እሱን ለማመዛዘን ቤንዚን ይጨምራልና። ኮፈኑን ከፍተው ከአየር ፊልትሮው ሣጥን ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጃቸው ሲያዞሩት እሺ ብሎ ዞረ። ከሳምንት በፊት ባለቤቴ የአየር ፊልትሮውን አስነፍቶ ነበር፤ መልሶ የገጠመው ልጅ የቱቦውን የብረት ማጥበቂያ ቀለበት ሳያጠብቀው ቀርቷል። አየሩን የሚቆጥረው ሰንሰር ከፊልትሮው ሣጥን ላይ ስለሆነ፣ ከእሱ በኋላ በላላው ቱቦ የሚገባውን አየር ሊያውቀው አይችልም። ሥራው ሁሉ በአንድ መፍቻ ጥቂት ጊዜ ማዞር ብቻ ነበር። መብራቱ ሳይነበብ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀዳዳ የአዲስ አበባ አቧራ ሳይጣራ ወደ ሲሊንደሮቹ ሲገባ ይከርም ነበር።

ቱቦው ከጠበቀ በኋላ ኮዱን ልሰርዘው ስል ሜካኒካችን «ተዪው፣ ራሱ ይጥፋ» አሉ። ኮምፒውተሩ በተከታታይ ሦስት ጉዞዎች ምርመራውን አድርጎ ጉድለቱን ካላገኘው መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል፤ ኮዱንም ከብዙ ንጹሕ ጉዞ በኋላ ይሰርዘዋል። እኔ ያጠፋሁት መብራት የሚመሰክረው እኔ መሣሪያ እንዳለኝ ነው፤ መኪናዋ ራሷ ያጠፋችው ግን ጥገናው በትክክል መሠራቱን ነው። እውነትም ከጥቂት ቀን በኋላ እህቴ ወደ ጎፋ ስትሄድ ሦስቱም መብራቶች አብረው ጠፉ። የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ ከዚያ ወዲህ የምንከተለው ይህንን መንገድ ነው። ባትሪ ነቅሎ መብራት ማጥፋትንም አልወደውም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሲያረጅ የተማረውን የቤንዚንና የአየር ማመዛዘኛ ሁሉ ስለሚያስረሳው፣ መኪናዋ እንደገና እስክትማር ድረስ ሲቆም የሚንቀጠቀጥ ሞተር ይዞ መሄድ ሊያጋጥም ይችላል።

የተሰረዘ ኮድ መሰረዙን አይሰውርም፤ ይህን ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው ኦ ቢ ዲ የሚባለው፣ መኪናው ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓት የኮድ ማኅደሩ ሲጠረግ የራሱን ምርመራዎችም ከዜሮ ይጀምራል። መሣሪያውን ስትሰኩ ብዙዎቹ ምርመራዎች «ገና አልተጠናቀቁም» የሚል ካሳዩ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው። ብዙ መኪኖች ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደም ይናገራሉ። ሻጩ «አንድም ቀን መብራት በርቶባት አያውቅም» የሚላት መኪና ኮዷ ከተሰረዘ ወዲህ የተሄደላት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል። በእኛ ከተማ ግን አንድ ነገር ልብ ይባል። የአሜሪካው ደንብ ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,400 ሜትር ገደማ በላይ አንዳንድ ምርመራዎች እንዳይሠሩ ለአምራቾች ይፈቅዳል፤ አዲስ አበባም በዚህ ድንበር ላይ የተቀመጠች፣ በሽሮ ሜዳና በእንጦጦ በኩል ደግሞ ከዚያ በላይ የምትወጣ ከተማ ናት። ስለዚህ የቤንዚን ትነት ምርመራ ብቻውን ሳይጠናቀቅ መገኘቱ ሻጩን ለመጠርጠር አይበቃም።

መኪና ስንገዛ ካየኋቸው ሁሉ ያስቆጣኝ የኤር ባጉ ነገር ነው። ቁልፉ «ኦን» ላይ ሲሆን የኤር ባግ መብራት በርቶ፣ ኮምፒውተሩ ራሱን መርምሮ፣ በቶዮታ ላይ ከስድስት ሰከንድ ገደማ በኋላ መጥፋት አለበት። ራቭ ፎራችንን ከማግኘታችን በፊት ያየናት አንዲት መኪና ላይ ይህ መብራት ጭራሽ አልበራም። ሻጩ አለመብራቱን የጤንነት ምልክት አድርጎ ሊያስረዳን ሞከረ። ሜካኒካችን የመሪውን መካከል ሸፍኖ የያዘውን ፕላስቲክ በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አዩና ባለቤቴን በዓይናቸው ጠሩት፤ ሄድን። መኪናው ተጋጭቶ ኤር ባጉ ከፈነዳ በኋላ አዲስ ሳይገባለት ሽፋኑ ተለጥፎ፣ የሚከሰው መብራት ደግሞ ከዳሽቦርዱ ተነቅሎ ወጥቷል ብለው ነው የጠረጠሩት። ከዚህ የከፋ የሐሰት ፊርማ አላውቅም። ስለዚህ የሰው መኪና ስነዳም ቢሆን ሞተር ከማስነሣቴ በፊት ቁልፉን «ኦን» ላይ አቁሜ መብራቶቹ ሁሉ መብራታቸውን አያለሁ። ሊበራ የሚገባው መብራት አለመብራቱ ሊጠፋ የሚገባው ካለመጥፋቱ እኩል ያሳስበኛል።

በመኪናችን ላይ እስካሁን ያልጠፋ አንድ መብራት አለ፤ የጎማው። በአሜሪካ ከመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠሩ ቀላል መኪኖች ሁሉ የጎማ ግፊት ከተመከረው በ25 በመቶ ሲወርድ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ግዴታ ነው፤ ፒ ኤስ አይ በሚባለው የግፊት መለኪያ 32 መሆን ያለበት 24 ሲደርስ ማለት ነው። በእኛዋ መኪና በየጎማው ውስጥ ከአየር መሙያው ጫፍ ጋር የተያያዘ፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ሰንሰር አለ። ባትሪው የታሸገ ስለሆነ አይቀየርም፤ ዕድሜውን ከጨረሰ ሰንሰሩ በሙሉ ይለወጣል። መብራቱ ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ረግቶ ይበራል፤ ይህ አኳኋኑ የጎማ መጉደልን ሳይሆን የራሱን መበላሸት ነው የሚናገረው።

ብዙ ጎሚስታዎች ከመሪው በታች ያለችውን የማስተካከያ መጫኛ ተጭነው ለማጥፋት ይሞክራሉ። ያቺ መጫኛ ሰንሰር አትጠግንም። ሥራዋ «አሁን ያለውን ግፊት ትክክለኛ ነው ብለህ ያዝ» ብሎ ለመኪናው መንገር ነው፤ ስለዚህ ሰንሰሮቹ ደኅና በሆኑበት መኪና ላይ ጎማው ጎድሎ ሳለ ብትጫን፣ መኪናው የጎደለውን ልክ እንደ ሙሉ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ጎማዎቹ ቀዝቃዛ ሳሉ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ተለጣፊ ወረቀት መሠረት መሙላት፣ ከዚያ መብራቱ ሦስት ጊዜ በዝግታ ብልጭ እስኪል መጫን ነው። አዲስ ሰንሰር መግዛትም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለአሜሪካ የተሠራችው የእኛዋ መኪና የምትሰማው በ315 ሜጋኸርዝ ሲሆን ለአውሮፓ የተሠሩት የሚናገሩት በ433 ነው። መጠናቸው ልክ ሆኖ ቢገጥሙ እንኳ አይግባቡም፤ የተገኘውም ሰንሰር መለያ ቁጥሩ በመሣሪያ ኮምፒውተሩ ላይ መመዝገብ አለበት።

በቴፕ እንሸፍነው የሚል ሐሳብ ከልጆቹ መጥቶ አልተቀበልኩትም። ሥርዓቱ አይሠራም፤ መብራቱም የሚናገረው «ሥርዓቱ አይሠራም» ብሎ ነው፤ እውነት የሚናገር መብራት የሚሸፈንበት ምክንያት አይታየኝም። እስከዚያው የእጅ መለኪያ እንጠቀማለን፤ ከመለኪያው ጋር የሚመጣው ዕውቀትም ትንሽ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስንወርድ የውጩ አየር ስለሚከብድ መለኪያው የሚያሳየው ወደ 2 ፒ ኤስ አይ ያህል ይቀንሳል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ በየ10 ዲግሪው ወደ 1.5 ፒ ኤስ አይ ይጨምራል። ሁለቱ እየተካካሱ ቁጥሩ ብዙም ሳይለወጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ቆላ ወርዶ ጎድሎ የተገኘ ጎማ ካለ ቀዳዳ እንጂ አየር ንብረት አይጠረጠርም። በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ለክቶ የጎደለውን መሙላት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጎማው ሞቆ ከመለካት የተሻለ ነው። አራት ባለ315 ሰንሰሮች እንዲመጡልን አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን ነግረናል፤ ሲመጡ ከጎማ ቅየራው ጋር አንድ ላይ እናስገባቸዋለን። ደብተሩ ላይም በባለቤቴ እጅ «የጎማ መብራት፦ ሰንሰሮቹ ሞተዋል፤ መጫኛዋ እንዳትነካ፤ በየቅዳሜው በእጅ ይለካ» ተብሎ ተጽፏል።